የአርማታ መርከቦችና የእኔ ጡረታ

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ባለቤቴን የአርማታ መርከብ ፍቅር ያዘው። በወጣትነቱ ከአሰብ በሚነሱ የጭነት መርከቦች ላይ መካኒክ ነበር። ፍራንክፈርት ከመጣን በኋላ ደግሞ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ውስጥ ሠርቷል። አሁን ዞሰንሃይም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲጎረጉር ይውላል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ሲጠፋ አሜሪካኖች ነዳጅ የሚጭኑ መርከቦችን በአርማታ ሠሩ አለኝ። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ከባድና ቀርፋፋ ስለነበሩ ፈላጊ አጡ። አንዷን ባሕር ዳር አስጠግተው ጭፈራ ቤት አደረጓት፤ ስትሰነጠቅ ዓሣ አጥማጆች ወረሷት። ሌላዋ መጀመሪያ እስር ቤት፣ ኋላ ሆቴል ሆነች። አንዷ ደግሞ የሰርዲን ፋብሪካ ሆና ከርማ፣ በስተርጅናዋ በሰንሰለት ታስራ የወረቀት ፋብሪካ ግንድ ማዕበል እንዳይወስደው ስትጠብቅ ኖረች።

«አየሽ፣ አርማታ አይጣልም» አለኝ፣ ራሱ ያቦካው ይመስል ኮርቶ።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያሳርፏት?» አልኩት። ጥያቄው አልገባውም። ፎቶዋን ዓይኔ ሥር አስጠግቶ ያሳየኝ ጀመር።

የተናደድኩት በመርከቧ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ልጃችን ለሕፃን ልጇ ኪታ፣ የሕፃናት መዋያ፣ አጥታ መጨነቋን ስትነግረው፣ እኔን ሳያማክር፣ እናትሽ አሁን ሥራ ፈትታለች፣ በየቀኑ ትይዝልሻለች ብሏት ኖሯል። የሰማሁት ልጄ ልታመሰግነኝ ስትደውል ነው። ቃል የገባው እሱ፣ የምሄደው እኔ። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሴቶችም ለጡረታዬ እንኳን ደስ ያለሽ ባሉበት አፍ ለማኅበሩ በዓል ወጥ እንድሠራ መድበውኛል። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠብኩበት ትከሻዬ ግን ማበጠሪያ እንኳ አላነሳ ብሎኛል። ደክሞኛል። ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ኡንተርሊደርባህ፣ ልጄ ቤት ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ የምለውን አጠናሁ፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከዚያ በላይ አልችልም። አባትሽ ከፈለገ ሌላውን ቀን እሱ ይያዝ።

በሩን የከፈተችልኝ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ነው። ሻይ አፍልታልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ያን ቀን ግን አማርኛዋን እየፈለገች ተናገረች።

«እማዬ፣ አባዬ ያለውን ተዪው። አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ትችያለሽ ወይ ተብያለሁ፣ እሱንም ሲቀናኝ። ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ለማሰብ ሞከርኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሕፃኗ ተነጫነጨች፣ ልጄ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«በየቀኑ እመጣለሁ፣ ደስ ይለኛል» አልኳት።

ፊቷ ፈታ አለ፤ ሕፃኗን አቀበለችኝ። ተጠይቄው የማላውቀው ጥያቄ ነበርና ስመልስ ተሳሳትኩ።