የሎሬታ ሳህን

ባሌ ኤልዉድ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ እንጨት ላይ ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚች በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ሜዳ ላይ ባለች ትንሽ ከተማችን የማንም ኢንተርኔት ቢጠፋ የሚጠራው እሱ ነው። ገንዘብ አይቀበልም። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ ፓይ የሚሉትን የፍራፍሬ ጋገራ ጋግሮ በሳህን ያስይዘዋል። ሳህን ደግሞ እኛ ዘንድ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። የሚሞላው ማን መሰላችሁ? እኔው ቨርና ነኛ።

ለሌላው ብጋግር አይከፋኝም። እርር ድብን ያደረገኝ የሎሬታ ሳህን ነው። ሎሬታ ፊት ለፊታችን ነው የምትኖረው፤ ባሏ ኦርቪል ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ወር ብቻ ኤልዉድን ሦስት ጊዜ ጠራችው። እሷ ዘንድ ሲሄድ ሸሚዝ ይቀይራል። ቀንቻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ባለፈው የኔ ኮምፒውተር እምቢ ሲለኝ ከጋዜጣው ቀና እንኳ ሳይል “አጥፍተሽ አብሪው” ነው ያለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ የደረሰኝ ሁለት ቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ሎሬታ ደግሞ ደወለች። ኮምፒውተሯ አፕዴት የሚሉትን የፕሮግራም እድሳት ሲጨርስ ኢንተርኔቱ ጠፋባት። እሱ እንደወጣ ሳህኗን በቀረፋ ዳቦ ሞልቼ ተከተልኩት።

ወጥ ቤቷ ስገባ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

“የኢንተርኔቱ ሳጥን መብራት ምን ቀለም ነው ሎሬታ?” ይላታል። ሳጥኑ አፍንጫው ሥር ነው።

“አረንጓዴ።”

“ጎበዝ። በይ ንቀዪውና እስከ ሠላሳ እንቁጠር።”

አብረው ቆጠሩ። አልሠራም። ከሳጥኑ ወደ ኮምፒውተሯ ሽቦ ሲሰካ ሠራ፣ ሲነቅለው ጠፋ። “ሳጥኑ ደህና ነው” አላት፣ “ያለ ሽቦ የሚያገናኘውን ፕሮግራም ነው አፕዴቱ ያበላሸው። የድሮውን እንመልሳለን።” መለሰው፤ ኢንተርኔቱም መጣ።

“ታድለሽ ቨርና” አለችኝ፣ “እንዲህ ያለ ታጋሽ ባል።”

“ውጭ ማር፣ ቤት እሬት ነው” አልኳትና ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግሁት። ኤልዉድ መሣሪያውን ሰብስቦ ቀድሞኝ ወጣ።

ልከተለው ስል ማቀዝቀዣዋ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ “ንቀይ። ሠላሳ ቁጠሪ። በሽቦ ሞክሪ። የድሮውን መልሺ።” ወረቀቱ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል።

“ታውቂዋለሽ እኮ” አልኳት።

“አውቀዋለሁ” አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። “ኦርቪል ከሞተ ወዲህ ግን አብሮኝ የሚቆጥር የለም።”

ልሰድባት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ ወጣሁ። ቅናቴ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ባሰበት። ለካ እኔም አብሮኝ የሚቆጥር የለኝም።

ቤት ስገባ ኤልዉድ ጋዜጣው ውስጥ ገብቷል። ቀጥ ብዬ ሄጄ የኮምፒውተሬን የኢንተርኔት ሽቦ መዘዝኩት።

“ኤልዉድ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ።”

“አጥፍተሽ አብ...” ብሎ ቀና አለ። ሽቦው ወለሉ ላይ ተጋድሟል። እሱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ጋዜጣውን አጥፎ ወንበር ሳበና አጠገቤ ተቀመጠ።

“አፕዴት መጥቶብሽ ነው?”

“መጥቶብኝ ነው።”

“በይ እስቲ፣ የሳጥኑ መብራት ምን ቀለም ነው?”

“አረንጓዴ” አልኩት። “አሁን ቁጠር። ሠላሳ ሳይሞላ ብትነሣ ወዮልህ።”