በሁዳዴ የቀረበ ጠቦት

አማቴ እንዲሆኑ የምመኛቸውን ሰው እራት ጋበዝኳቸው። በወጉ ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ፤ እኔ ግን «ዘጠናዎቹ ውስጥ ነን፣ ያለነውም ቶሮንቶ» ብዬ ተራቀቅሁ። መጀመሪያ ሰውየው ይዩኝ፣ ይውደዱኝ፣ ሽማግሌው ይደርሳል አልኩ።

የመረጥኩት ቤት የባስኮች ነበር፤ ከስፔን ሰሜን ተራሮች የመጡ ባልና ሚስት። ባል ያበስላል፣ ሚስት ታስተናግዳለች። ምረጡ የሚባል ነገር የለም፣ ወቅቱ ያፈራውን ይዘው ይመጣሉ። ጠንቃቃ ነኝና ከሳምንት በፊት ብቻዬን ሄጄ ቀምሼ ነበር። የጸደይ ጠቦት ነው፣ እነሱ «ላምብ» የሚሉት፤ ለአማት የሚገባ ምግብ! የፈረንጆቹ ፋሲካ አልፎ ሱቁ ሁሉ የቸኮሌት ጥንቸል በግማሽ ዋጋ ሲያራግፍ አይቼ፣ ጾሙ የተፈታ መስሎኝ ነበር። የእኛ ፋሲካ ገና ሳምንታት እንደሚቀሩት ልብ አላልኩም።

አባትየው ከከተማው ዳር ከስካርቦሮ በሁለት አውቶቡስ፣ ሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው ለብሰው፣ ላገባት ከምመኛት ልጃቸው ጋር መጡ። ጠቦቱ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ አማተቡ። ለማዕዱ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ልጄ፣ ሁዳዴ እኮ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አስተናጋጇ ሴትዮ ግን ምን ታውቃለች? በዓሣ የተሞላ ቃሪያ አመጣች፤ «ጠግቤአለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። የበግ አይብ አመጣች፤ እሱንም «ጠግቤአለሁ» አሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሱ ሰው። በመጨረሻ ባልየው እጁን እየጠረገ ከኩሽና ወጣ፤ ምግቡ የተናቀበት መስሎት ፊቱ ጠቁሯል።

«ሶሪ፣ አባዬ ይጾማል፤ ስጋ የለም፣ ወተት የለም» ብላ ልጅቷ በእንግሊዝኛ አስረዳችው።

ሰውየው ተንፈስ አለ። እናቱ በጾም ያበሉት የነበረውን አመጣለሁ ብሎ ገባና፣ በሽንኩርትና በወይራ ዘይት የተሠራ እሸት ባቄላ ይዞ ተመለሰ።

«እሸት ባቄላ! እዚህ አገር!» አሉ አባትየው፣ ያለ ልመናም ይበሉ ጀመር። እኔም ጠቦቱን ገፋ አድርጌ ባቄላ ያዝኩ። ላየኝ ሰው ከገዳም የወጣሁ ነበር የምመስለው። ልጅቷ ሳቋን በናፕኪን ትሸፍናለች።

ነገሩ በሰላም ሊያልቅ ሲል ሴትየዋ መጥታ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ? ባለፈው ሳምንት ላምቡን እስከ አጥንቱ ግጠኸው አልነበር?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ባቄላዬ ላይ አቀረቀርኩ።

«ምን አለች?» አሉ አባትየው።

ልጅቷ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ባቄላውን ላይክ አደረግከው ወይ ነው ያለችው» አለቻቸው።

ሹካቸውን አስቀመጡ። ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስጋ ፋብሪካ ላምብ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሏት። «ላምብ ሲባል የማልሰማ መሰለሽ?»

ወደ እኔ ዞሩ።

«የጾምህን ነገር ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገሩበት። እሷ ግን ላንተ ብላ እኔን መዋሸት ከጀመረች፣ ከእጄ ወጥታለች። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላክ።»

ባቄላ ጨመር አደረጉ።

«ደግሞ የሚጾም ሽማግሌ ይሁን።»