ስድስት ሰዓት ያልቀነስኩበት ዝርዝር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የተወጋሁትንም የወጋሁትንም አልረሳሁም። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ስንኖር፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የአባቴን ሬዲዮ ወሰደ። ቅሚያ እንዳይመስልበት «ለምርመራ ነው» አለ። ያንን ሰውዬ ተበቅዬዋለሁ፤ ሳስታውሰው ዛሬም አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ዓመታት አልፈው ነበር። ምእመናኑ አራትም አምስትም እየሆኑ በየቤቱ፣ ድምፃቸውን አፍነው ይሰበሰባሉ። መዝሙር በሹክሹክታ ሲዘመር ሰምታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ ያሳዝናልም ያስቃልም። አባቴ ሳይፈራ የሚሰብክ ሰው የሚሰማው በዚያ ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከውጭ አገር በአማርኛ በሚተላለፍ ስብከት። ጋቢውን ከነሬዲዮው ተከናንቦ ያዳምጣል። ሬዲዮው ከተወሰደ በኋላም በዚያችው ሰዓት እዚያው ወንበር ላይ እየተቀመጠ ዝም ይል ጀመር። «ይቅር ብዬዋለሁ» ይላል ሲጠይቁት። እኔ ይቅር አላልኩም።

ያኔ በአንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ ጨርቅ ለብሶ፣ ጫማችንን ጠርገን የምንገባበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ። ሥራዬ በየጣቢያው ላሉት የመገናኛ ሬዲዮኖች የሞገድ ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር። አንዱ ዝርዝር በኪሎኸርዝ ይመጣል፣ አሮጌዎቹ ሬዲዮኖች ደግሞ የሚያውቁት ሜትር ብቻ ነው። በሠንጠረዡ ፕሮግራም ላይ አንድ ቀመር አናት ላይ እጽፋለሁ፤ ሦስት መቶ ሺህን ለኪሎኸርዙ አካፍል እለዋለሁ፤ እስከ ታች ድረስ በአንድ ጊዜ ወደ ሜትር ይለውጥልኛል። ሰዓቱ ግን ጣጣ ነበረው። በግሪንዊች፣ ማለትም በለንደን ሰዓት ነው የሚጻፈው። ሦስት ሲደመርበት የፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል፣ ከዚያ ስድስት ሲቀነስ በእጃችን ያሰርነው ሰዓት ይሆናል። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህች ስድስት ላይ ነው፤ ሦስቱን ይደምርና ስድስቱን ይረሳታል። በዚህች ስህተት ስንት ሾፌር በረሃ ላይ ጭው ያለ ሬዲዮ ሲያዳምጥ አድሯል።

ሊቀመንበሩ ሬዲዮውን በወሰደ በሦስተኛው ሳምንት ዓይኑን በጨው አጥቦ እኛው ቤት መጣ። ከኪሱ ከፈረንጅ መጽሔት የተቀደደ ገጽ አወጣ፤ የውጭ ጣቢያዎች በአማርኛ የሚያሰራጩበት ሰዓትና ሞገድ ነው።

«አንቺ፣ ያ ኮምፒውተር የሚሉት እጅሽ ላይ ነው አይደል? ይቺን ለኛ ሬዲዮ በሚሆን አርገሽ አምጪልኝ። እ... ማለቴ፣ የጠላትን ፕሮፓጋንዳ ለመከታተል ነው። ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ በቃ።»

«ለኛ ሬዲዮ» አለ፣ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ እየሰማ! «ምን ችግር አለው ጓድ፣ ለእርስዎ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው» አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሠራሁለት። ሜትሩን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ልክ አደረግኩ። ሰዓቱ ላይ ሦስቱን ደመርኩና ስድስቱን ተውኳት። የኛ ማታ አንድ ሰዓት በፈረንጅ ሰባት ነውና፣ ወረቀቱ ላይ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆነ። ብያዝም ሰው ሁሉ የሚሳሳታት ስህተት ናት። ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን አወጣው፤ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሰውየው የሰፈሩ ጆሮ ጠቢዎች አለቃ ስለሆነ ከማንም በላይ ጆሮ ይፈራል፤ ከተጻፈለት ሰዓት ውጭ ያንን ሬዲዮ ለመክፈት ነፍሱ አትደፍርም። ሚስቱ ቦኖ ውሃ ላይ ለእናቴ «ሌሊት ሰባት ሰዓት እየተነሳ ሲጎረጉር እንቅልፍ አሳጣኝ» ብላ አማረረች። እሁድ ስብሰባ ላይ ስለ አብዮታዊ ንቃት እየሰበከ እንቅልፍ ሲጥለው በዓይኔ አየሁ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ።

ከወር በኋላ ሬዲዮውን አመጣው። «ተመርምሮ ነፃ ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ ለአባቴ አስረከበው፤ በልቡ ግን የተበላሸ ቆርቆሮ የመለሰ መስሎታል። አባቴ የዚያኑ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከፈተው። ሰባኪው ጥርት ብሎ ሲመጣ አባቴ አለቀሰ። የሚስቲቱን ምሬት ከእናቴ ሰምቶ ስለነበር፣ እግዚአብሔር በሰውየው እጅ የሬዲዮውን አፍ እንደዘጋ በምእመናኑ ፊት ሊመሰክር ተነሳ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ምስጋናዬን ሌላ ሲወስደው አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ነገርኩት።

«ሬዲዮው የኔ ነው፤ አልመልስም» አለ አባቴ። «ውሸቱ ግን ያንቺ ነው ልጄ። ትክክለኛውን ዝርዝር ወስደሽ ትሰጪዋለሽ።»

አትሜ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ በሩን ሲከፍት ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሬዲዮ አየሁ። እጀታው በቀይ ሽቦ የተጠመጠመ፣ የታች ሰፈሩ የወሎዬው ባለሱቅ ሬዲዮ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ስኳር ስንገዛ ሁልጊዜ የምናየው። ይሄም «ለምርመራ» መጥቷል። የኛው አልሠራ ስላለው የባለሱቁን ቀማ። ያስቀማሁት እኔ ነኝ።

«እንኳን መጣሽ» አለኝ። «ይሄም አልሰማ አለኝ። ዝርዝርሽ ስህተት የለበትም ወይ?»

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀቱን ይዟል። ብሰጠው የባለሱቁ ሬዲዮ እዚያው ይቀራል፤ የነገው ደግሞ የሌላ ሰው ይሆናል።

«ዝርዝሩ ልክ ነው ጓድ» አልኩት። «ችግሩ ተራራው ነው። እንጦጦ ሞገዱን ይከልለዋል፤ ከዚህ ሰፈር በምንም ሬዲዮ አይሰማም። የመሥሪያ ቤታችን ባለሙያዎች ናቸው የሚሉት።»

በመስኮቱ ወደ ተራራው ቀና ብሎ አየ። ከኮምፒውተር ክፍል የመጣ ወሬ ስለሆነ አመነ። የባለሱቁ ሬዲዮም በሳምንቱ «ነፃ» ወጣ።

ያን ቀን አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ማታ ስንጸልይ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ያ ሰው ዛሬ ቃልህን እየሰማ ነውና ልቡን ንካው» ብሎ ጸለየ። እኔ ጎኑ ተንበርክኬያለሁ፤ ትክክለኛው ዝርዝር ከቦርሳዬ አልወጣም።