«ይለፍ» ይላል እንጂ «ትለፍ» አይልም

በገዛ እጄ ድንጋይ ተሸክሜ በሠራሁት የብስክሌት መንገድ ላይ እንዳላልፍ ተከልክያለሁ። በደሉ ይኸው ነው፤ ማስጌጫ የለውም። የከለከለኝ ሰው ታደገ ይባላል። በየትኛው ሕግ እንደሆነ ጠይቄው ሳይመልስልኝ ሁለታችንም አረጀን። ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ፤ አስተዳደጌ ነው። ወረቀት ላይ ግን አንቱታዬን አላባክንም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አዲሱ ገበያ መስቀለኛው ላይ የሚሠራው የብስክሌት መንገድ ነው። ክረምቱ እንደወጣ ቁፋሮ ጀመሩ። መጀመሪያ የእግረኛውን ድንጋይ ነቀሉት። ከዚያ ያንኑ ድንጋይ መልሰው ተከሉት። ቀጥለው በጎኑ አረንጓዴ ቀለም ቀቡና ነጭ ብስክሌት ሣሉበት። ቀለሙ ሳይደርቅ ሚኒባሶች ሄደው ቆሙበት። ወያላዎቹ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» እያሉ ከተሣለው ብስክሌት ላይ ሰው ይጭናሉ። እስካሁን በዚያ መንገድ ላይ ያየሁት ብስክሌት ያ የተሣለው ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጎመኔን ገዝቼ ስመለስ ጠርዙ ላይ ቆሜ ሳይ፣ ቢጫ ቆብ የደፋ መሐንዲስ እየሮጠ መጣ።

«ማዘር፣ ቀለሙን አይርገጡት!»

«የማን መንገድ ነው?» አልኩት።

«የብስክሌት ነው።»

«ብስክሌት ብቻውን ይሄዳል እንዴ? የማን ነው አልኩህ እንጂ የምን ነው አልኩህ?»

«የሁሉም ነው ማዘር» አለና ስልኩን አነሳ።

«የሁሉም ነው» ሲባል ስሰማ የግራ እጄ አንጓ ይጠዘጥዘኛል። ለአባባል አይደለም፤ በእውነት ያመኛል። ምክንያቱም ሌላ «የሁሉም» መንገድ እዚያው ቦታ ላይ አይቻለሁ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ። መስቀለኛው እንደ ዛሬው በመስታወት ሕንፃ አልታጠረም፤ ግርግሩ ግን ያው ነው። ወደ ጎጃም የሚወጡት የጭነት መኪናዎች ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። ከጎጃም የሚመጡት ጤፍና ከሰል ቆልለው፣ ፍሬናቸው እየጮኸ ይወርዳሉ። በዚያ መሐል አህያ አለ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያዘለች ሴት አለች፣ አውቶቡስ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደ ክር ፋብሪካው የሚሄዱት ባለብስክሌት ሠራተኞች አሉ። አባቴ ከነሱ አንዱ ነበር። ብስክሌቱ ጥቁር፣ ከባድ፣ መሐሉ ላይ ብረት የተጋደመበት የወንድ ብስክሌት ነበር። እኔም ግቢያችን ውስጥ እግሬን ከብረቱ ሥር አሾልኬ እየተንገዳገድኩ የተማርኩት በሱ ነው። አባቴ አንድ ቀን አይቶኝ «ጎማውን አትይ፣ ፊት ፊቱን እይ» ብሎኝ ገባ። ትምህርቱ ይኸው ነበር፤ በቂም ነበር።

በአንድ የሐምሌ ጠዋት ከሠራተኞቹ አንዱ በጭነት መኪና ተገጭቶ ሞተ። ከለቅሶው በኋላ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ይሠራ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ታደገ ሆነ። ለምን እሱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል ይባል ነበር፤ አገሩ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረለት የሚሾምበት አገር ነው።

ከየቤቱ አንድ ሰው እሁድ እሁድ ለሥራ ይውጣ ተባለ። የአባቴ ጉልበት አብጦ ስለነበር የኛን ቤት ወክዬ የወጣሁት እኔ ነኝ። ከጎረቤታችን ከባለሱቁ ቤት የወጣችው ልጁ ሰዓዳ ነበረች። እኔና እሷ አንድ ባሬላ ደረሰን፤ ባሬላ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ድንጋይ የሚሸከምበት ሳንቃ ነው። ከወንዙ ድንጋይ ጭነን፣ ዳገቱን ወጥተን፣ መስቀለኛው ላይ እንዘረግፋለን። ወንዶቹ ይፈልጡታል። በላዩ ገረጋንቲ፣ ያ ቀይ የመንገድ ጠጠር፣ ይለበሳል። ከዚያ በድንጋይ የተሞላ በርሜል እየተንከባለለ ይጠቀጠቃል። በሳምንቱ ዝናቡ ግማሹን ይወስደዋል፤ እንደገና እንጀምራለን። ሰዓዳ ከሱቃቸው ቆሎ በኪሷ ትይዛለች፤ እኔ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ቋጥሬ እመጣለሁ። ድንቹን በሚጥሚጣ እየነካካን፣ ቂጣችን እስኪርስ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። እንደዚያ የጣመኝ ድንች ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ጓድ ታደገ ጃንጥላ ይዞ ይቆማል። «ጓዲት አስካለ፣ ፈጠን! ጓዲት ሰዓዳ፣ ወሬ ይቅር!» ይላል። «ጓዲት» የምትለዋን ቃል እዩልኝ። ድንጋይ ስንሸከም ሴትነታችን ከነማዕረጉ ይጠራ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መንገዱ ጥሩ ወጣ። በስንፍና የሚያማው ሰው ቢኖር እኔው እጣላዋለሁ። መስከረም ሲጠባ በአስፋልቱ ዳር ቀይ ሆኖ ተዘረጋ። አስፋልቱን በሚያቋርጥበት በኩል ግራና ቀኙን በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ደረደርንበት። የጭነት መኪና ሹፌሮች ነጩን ድንጋይ ሲያዩ ፍጥነታቸውን ይቀንሱ ነበር። የዛሬዎቹ በዚያ ሁሉ ማሽን ይህን ማድረግ አልቻሉም። መግቢያው ላይ ታደገ በዚያ በሚወራለት ጽሕፈቱ ሰሌዳ ጽፎ ተከለ። «ብስክሌት ነጂ በዚህ ይለፍ።»

የአባቴ ጉልበት አልዳነም። ፔዳል መምታት ስላቃተው ፋብሪካው በሱ ፈንታ እኔን ወሰደኝ። ቤታችን የነበረው እንጀራ ያ ብቻ ነው። በፋብሪካው ሕግ ሳይረኑ ሲጮህ በሩ ይዘጋል፤ ሦስት ጊዜ የዘገየ አራተኛ ጊዜ አይመጣም። በእግር ከሄድኩ እንደምዘገይ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው አባቴ ነው። ብስክሌቱን ወልውሎ፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ሰጠኝ።

በመጀመሪያው ጠዋት ከቀሚሴ ሥር የወንድሜን ሱሪ አጥልቄ ወጣሁ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ገረጋንቲው ከጎማው ሥር ቅርጭጭ ይላል። ይህን ድምፅ እኔ ነኝ የሠራሁት አልኩ በልቤ። ሰሌዳው ጋ ስደርስ ታደገ ቆሟል።

«ውረጂ» አለኝ።

«ምን አጠፋሁ ጓድ?»

«ሰሌዳውን አንብቢ።»

አነበብኩለት።

«ምን ይላል? ‹ይለፍ› ይላል እንጂ ‹ትለፍ› አይልም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ሰዓዳ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆና ትሰማ ኖሮ «ጓድ ታደገ! ያ ባሬላስ ‹ትሸከም› የሚል ጽሑፍ ነበረበት እንዴ?» ብላ ጮኸች። የቆሙት ሰዎች ሳቁ። የሱ ጆሮ ቀላ። ያቺ ሳቅ ናት ነገሩን ያከረረችው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም፤ የከለከለኝ ከሳቁ በፊት ነው።

እስቲ ፍረዱ። በሰፈራችን ክሊኒክ በር ላይ «የታመመ በዚህ ይግባ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እናቴ ስትታመም «አንቺ ‹ትግባ› እስኪባል ጠብቂ» ያላት ሰው የለም። አማርኛችን ሰውን ሁሉ ሲጠራ በወንድ ነው የሚጠራው፤ ይህን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ እንኳ አውቃለሁ። ጽሕፈቱ የሚያምረው ሰው ይህን አጣው?

ለኮሚቴው ማመልከቻ ጻፍኩ። «በየትኛው ህግ እንደተከለከልኩ ይገለጽልኝ» አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቴ ተመለሰልኝ። መልስ የለውም። «ህ» የምትለዋ ፊደል በቀይ እስክሪብቶ ተከባ፣ ከሥሯ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈት እንዲህ ተብሏል፦ «‹ሕግ› በሐመሩ ‹ሐ› ይጻፋል። መጻፍ ስትችዪ ጠይቂ።» በሐመሩ ሐ አስተካክዬ መልሼ ጻፍኩ። ይኸኛው ደግሞ ጠፍቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ሕግ» የሚለውን ቃል አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ከሱ የተማርኩት ይህቺን ፊደል ብቻ ነው።

በዚህ መሐል ሥራ አለ፣ ሳይረን አለ። ምን ላድርግ? አስፋልቱ «ይለፍ» የሚል ሰሌዳ ስለሌለው በአስፋልቱ ሄድኩ፤ ከጭነት መኪኖቹ ጋር። መንገዳችን በስተቀኜ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ ሆኖ፣ ባዶውን አብሮኝ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ዘግይቼ ነበር። ኅዳር ላይ፣ በአንድ ጭጋጋማ ጠዋት፣ ከሰል የጫነ መኪና ሲያልፈኝ ከጎኑ የተንዘረጠጠው ጆንያ ትከሻዬን ገፋኝ። ሹፌሩ ያወቀም አይመስለኝም። ግራ እጄ ላይ ወደቅሁ። የፊተኛው ጎማ ስምንት ቁጥር ሆኗል። ከወደቅሁበት ሆኜ በኖራ የተቀቡት ድንጋዮቻችን ይታዩኝ ነበር፤ ሦስተኛው እኔና ሰዓዳ ያስቀመጥነው ነው።

ወጌሻው እጄን አሰረው፤ ጠሞ ዳነ። ፋብሪካው ቦታዬን ለሌላ ሰጠ። አባቴ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። የተጣመመውን ጎማ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በመዶሻ እያቃና፣ ስንትና ስንት ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጎማው አልቀናም። እኔ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ለሸማኔዎች ክር እያጠነጠንኩ፣ በአንድ ደህና እጅ ቤቱን ያዝኩ፤ በኋላም ልጆቼን አሳደግሁበት።

መንገዱ? በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ሸረሸረው፤ የሚጠግነው አልተገኘም። ሰሌዳውን አንዱ ነቅሎ የዶሮ ቤቱ በር አደረገው ይባላል። እንግዲህ በዚያ በር ‹ይለፍ› የሚባለው አውራ ዶሮ ብቻ ነበር ይሆናል።

ታደገ ግን የትም አልሄደም። መንግሥት ሲለወጥ ጃንጥላውን አጥፎ ተራ ሰው ሆነ። የአንድ እድር ሰዎች ነን። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ባገኘሁት ቁጥር ስጠይቀው ኖሬያለሁ። «ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል፣ አስካለ» ይለኛል። «ያለፈ» ይላል ደግሞ! ማን አለፈና!

ለብዙ ዓመት በውስጤ ጠበቃ ሆኜለት ነበር። ጊዜው የፍርሃት ነበር፤ ከበላይ ታዞ ይሆናል እላለሁ። ወይም ሴት በዚያ መንገድ ላይ ብትሞት እሱ ይጠየቅ ይሆናል። ፈሪን ይቅር ማለት አያቅተኝም፤ እኔም በዚያ ዘመን የፈራሁባቸው ቀኖች ነበሩ። ይቅርታውን አዘጋጅቼ፣ መልሱን ብቻ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ሳምንት አረንጓዴው መንገድ ጠርዝ ላይ ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። መሻገር ፈልጎ ሚኒባሶቹ አላሳልፍ ብለውታል። ክንዱን ያዝኩት። «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ግማሹን አሻገርኩትና መሐል አካፋዩ ላይ ስንደርስ ቆምኩ። ክንዱን አልለቀቅኩም።

«ጋሽ ታደገ፣ በየትኛው ሕግ ነበር?»

«ኧረ አስካለ፣ አሁን መሐል መንገድ ላይ...»

«እኔም የተከለከልኩት መሐል መንገድ ላይ ነው። ከበላይ ታዘው ነው?»

መኪኖች በፊትም በኋላም ያልፋሉ። ከዘራውን አየው፣ ጫማውን አየው። እጄ እንደማይለቀው ገባው።

«ማንም አላዘዘኝም» አለ።

«ሕጉስ?»

«ሕግ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። አላፈረም፤ የደከመው ብቻ ነው የሚመስለው።

«ብስክሌት ላይ ሆነሽ ስትመጪ ሳይሽ ደስ አላለኝም፤ በቃ» አለኝ።