ህድሞውን እንደገና ስንከድን

ከሰቆጣ ወደ ደሃና ያገባሁት ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ባለቤቴ ካህን ነበር፤ ጠዋት ይቀድሳል፣ ከቅዳሴ መልስ ለመንደሩ ልጆች ፊደል ያስቆጥራል። የምንኖረው ከአማቶቼና ከወንድሙ ቤተሰብ ጋር ነው። ሦስት ባለትዳር በአንድ ቤት፤ የአንዱ ሳል የሌላውን እንቅልፍ ይነሳል። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ፣ ከኮረብታው ሥር ያለውን የአክስቱን ቤት ብናድሰውስ ብዬ ጠየቅኩት።

ቤቱ ጣሪያው አፈር የነበረ የድንጋይ ህድሞ ነው። አክስቱ በጣሊያን ጊዜ ወደ ራያ ተሰደው ወሬያቸው ስለጠፋ፣ ዘመድ ሞተዋል ብሎ ተዝካራቸውን አውጥቶላቸዋል። ጣሪያው ወርዶ መሀል ቤቱ ላይ ቁልቋል በቅሏል። አማቴ ግን ሳያቅማሙ ግቡበት አሉን።

እንጨት መግዣ አልነበረንም። ከወደቀው አፈር ሥር አሮጌዎቹን ወጋግራዎች ቆፍረን አወጣንና ምስጥ ያልበላውን ለየን። የጎደለውን የተማሪዎቹ ወላጆች ለባለቤቴ ከሚሰፍሩለት እህል ፋንታ ጽድ እየቆረጡ አመጡለት። በዚያ ዓመት ጎተራችን ገና በሁዳዴ ባዶ ሆነ፤ ቀሪውን ጊዜ በአማቴ ገብስ ከረምን። ግድግዳው ሳያልቅ ዝናብ ያዘን። በቀጣዩ በጋ ልጄን አዝዬ በጭድ ያቦካሁትን ጭቃ ስለጥፍ ባጀሁ።

በግንቦት፣ የጣሪያውን አፈር ደልድለን እየረገጥን ሳለ፣ አንዲት አሮጊት አህያ እየነዱ ዳገቱን ወጡ። ባለቤቴ አተኩሮ አያቸውና መርገጡን ተወ።

«አክስቴ ናቸው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ወርዶ መስቀል አሳለማቸው፤ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። እሳቸው ግን ብዙም ሳያዩት ቤቱን ዞሩ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ መዝጊያውን ከፍተው ዘጉ። ከዚያ በኽምጣንጋ ረጅም ነገር ተናገሩ። እኔ ባደግኩበት ቤት አማርኛ ብቻ ስለሚነገር ቋንቋውን አልሰማም፤ የማየው የባሌን ፊት ነው። አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ማን ምን ይላል? አማቶቼ ቤት ተመልሼ የምተኛበትን ጥግ ሳይቀር አሰብኩት።

ተናግረው ሲጨርሱ፣ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩት።

«ሰዎች ቤቱ ወድቋል ብለዋቸው፣ የተረፈውን እንጨት ሸጠው ወደ ራያ ሊመለሱ ነበር የመጡት።»

«አሁንስ?»

እሱ ሳይመልስልኝ አክስቱ ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛቸው ይሰባበር ነበር።

«ሰው ገባ፣ ቤት ሆነ። ለእኔ መደብ አንድ ይበቃል። ልጁን አምጪ።»

ልጄን ከጀርባዬ ፈትቼ ሰጠኋቸው። ዞር ብዬ አለቀስኩ፤ ባለቤቴም የአህያቸውን ጭነት ሊያወርድ ሄደ። ለመደባቸው የመረጡት ጥጆቻችን ከሚታሰሩበት ጋጥ በኩል ያለውን ግድግዳ ነው፤ ሙቀት አለው አሉ።

በሰኔ ዝናቡ ቀን ላይ መጣ፤ ከባድ ነበር። ሦስታችንም ወደ ጣሪያው አንጋጠን ቆየን። አንድ ቦታ ብቻ፣ በሩ አጠገብ፣ አፈሰሰ። ባለቤቴ ወጥቼ ልድፈነው ሲል፣ ነገም ይደርሳል ብዬ ማሰሮ አስጠጋሁበት። አክስታችን በዚህ መሀል ልጁን ደረታቸው ላይ አስተኝተው አንቀላፍተዋል። እኔም እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።