ለአባቴ እውነቱን የነገሩት የወገዳው ሐኪም

የወገዳ ጤና ጣቢያው ጤና መኮንን አቶ መኳንንት ማረፋቸውን የሰማሁት መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ፣ ለደብረ ታቦር ተሳፍሬ ሳለ ነው። ከአውቶቡሱ ወረድኩ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ሐዘኔ ከሌላ ስሜት ጋር ተቀላቅሎ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

አባቴ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው ስማዳ ላይ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። ሆዳቸውን አሟቸው ሲመረመሩ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ጉበታቸውን ይዞት ነበር። ውጤቱን አስቀድመን የሰማነው እናቴና እኔ ነን። ወዲያው አቶ መኳንንትን ለመንናቸው፦ «ጨጓራ ነው ይበሏቸው። ከሰሙ በድንጋጤ ይሞቱብናል።»

«ካልጠየቁኝ አልናገርም» አሉ። «ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም። ሕመሙ የእሳቸው ነው፤ ሕጉም ሙያዬም ይህንን ነው የሚያዙኝ።»

«እርስዎ ከእኛ ይበልጥ ያውቋቸዋል?» አልኩ ተቆጥቼ።

«አላውቃቸውም። ስለዚህ ራሳቸውን እሰማለሁ።»

አባቴም ጠየቁ። አቶ መኳንንት አጠገባቸው ተቀምጠው፣ «የኔታ፣ ሁሉንም ልንገርዎ ወይስ ለቤተሰብዎ ልተወው?» አሏቸው።

«ንገረኝ ልጄ።»

ነገሯቸው።

አባቴ በድንጋጤ አልሞቱም። ቀልሏቸውም ግን አልሞቱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲያለቅሱ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በዚያው ሰሞን በበቅሎ፣ በሰው ተደግፈው እስቴ ድረስ ሄዱ፤ በመሬት ተጣልተው ለዓመታት ካልተነጋገሩት ወንድማቸው ጋር ይቅር ተባብለው ተመለሱ። ባያውቁ ኖሮ ይሄዱ ነበር? እኔ እንጃ።

አቶ መኳንንት በክረምቱ ጭቃ ማስታገሻ ይዘው ቤታችን ይመላለሱ ነበር። እናቴ ሰላምታ ከልክለዋቸው ነበር። «ቢጠሉኝ ግድ የለም» አሉኝ አንድ ቀን ደጃፍ ላይ፣ «ብቻ በሩን እንዳይዘጉብኝ።»

ከአባቴ ቀብር በኋላ፣ «ሲነግሯቸው አልፈሩም?» አልኳቸው።

«ዛሬም እፈራለሁ። ደግ ሠራሁ ብዬ አርፌ ተኝቼ አላውቅም።»

በአቶ መኳንንት ቀብር እናቴ መጡ። ሬሳው አጠገብ ቆመው አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ ብጠይቃቸው አልነገሩኝም።

አቶ መኳንንት ሆይ፣ ቁጣዬ አልበረደም፤ ምስጋናዬም አላለቀም። ሁለቱንም ይዤ እሰናበትዎታለሁ። የእኔም ቀን ሲመጣ፣ የሚያክመኝ ሰው ዓይኑን እንዳያሸሽብኝ እመኛለሁ። እርስዎ ባይተኙም ብዙ ሕመምተኛ ሕመሙን አስታግሰው አስተኝተዋል፤ አሁን ተራው የእርስዎ ነውና ይረፉ።