ከመርዶው በፊት የተጫወቱ ሸክላዎች

ጎረቤቴ የሙዚቃ ሸክላ አያያዝ አያውቅም። መሃል ለመሃል በጣቶቹ ይጨብጠዋል፤ አቧራ ላጥፋ ብሎ እፍ ሲልበት ምራቁ ይረጭበታል፤ ምራቁን ደግሞ በሹራቡ እጅጌ ይጠርገዋል። ይህንን ሁሉ እያወቅኩ ነው በየእሁዱ ቤቴ የማስገባው። አብነት ሳለን፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ በአንድ አጥር ነበር የምንዋሰነው። አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለእሱ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ደረሰው። እግዜር ሲቀጣኝ ነው።

የእሁድ ሥራችን አንድ ነው። ከቅዳሴ ሲመለስ ይመጣል፤ እኔ ከመደርደሪያው ተራው የደረሰውን የሮክ አልበም አወጣለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምተን እንፈርድበታለን። አብዛኞቹን የገዛኋቸው አፍሮዬ በር አላስገባ የሚለኝ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከፒያሳ ነው። በደርግ ጊዜ ማዳበሪያ ውስጥ ገብተው አልጋ ሥር ከርመዋል። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ሲሰሙ ብዙዎቹ እርባና የላቸውም። ያኔ ነፍሳችንን ልንሰጠው የነበረው ጊታረኛ፣ አሁን ስሰማው ጥርሱን እንዳመመው ሰው ያቃስታል። ዘፋኙም ቢሆን መጮህና መዝፈን አንድ ይመስለዋል።

ጎረቤቴ ግን ሁሉንም ይወዳል። ኦርጋኑን ጊታር ነው ብሎ ይሟገተኛል። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል እለዋለሁ። እሱም አያዝንልኝም፤ ስትሞት ሸክላዎችህን የሚወርሰው የኔ ልጅ ነው፣ ካንተ ወገን ማን አለህ ይለኛል። እኔ አልወለድኩም። እሱ አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ያሳደገው፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ።

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ፣ ጎረቤቴ ገና ከልደታ ማርያም ሳይመለስ፣ የእድራችን ዳኛ በሬን አንኳኩ። ከሁለታችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። የጎረቤቴ ልጅ ሌሊት አዋሽ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ መሞቱን ቆመው ነገሩኝ። አስከሬኑ ነገ ይገባል። መርዶው በማለዳ፣ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጠንካራ ሰዎች በግራና በቀኙ ቆመው ይነገረዋል። እስከዚያ አንተ ጋ ይዋል አሉኝ።

«ስልኩን አርቅበት» አሉ ሊወጡ ሲሉ። «ይብላ፣ ይጠጣ። ደስ ብሎት ይዋል።»

አሁኑኑ ብንነግረውስ አልኳቸው። ባዶ ሆዱን ነው የምትነግረው ብለው እንደ ጅል አዩኝ። ወጉን እኔም አላጣሁትም፤ በእናቴ ሞት ጊዜ ለእኔም እንዲሁ ተደርጎልኛል። ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ጉልበት ይዞ መርዶውን እንዲቀበል ነው። ደግ ወግ ነው። ይህን ወግ ያወጣው ሰው ግን ባለ ኀዘኑን አጠገቡ አስቀምጦ የዋለ አይመስለኝም።

ጎረቤቴ መጣ። ያን ቀን ደግሞ ከመቼውም ይልቅ ወሬኛ ሆኖ ነው የመጣው። ልጁ ጫማ ሊያመጣለት ነው፤ ልጁ በቅርቡ የራሱን መኪና ይገዛል፤ ልጁ ሚስት አጭቷል። የሚገርመው፣ «ልጄ» ባለ ቁጥር በእሱ ተናደድኩ፤ ምናለ ዛሬ እንኳ ስለ ሌላ ነገር ቢያወራ አልኩ። ባትሪህ እንዳያልቅ ልሰካልህ ብዬ ስልኩን ተቀበልኩትና መኝታ ቤት ትራስ ሥር ከተትኩት።

በደህናው ቀን ሳንሰዳደብ አንድ ዘፈን አያልቅም። ያን ቀን መሳደብ አቃተኝ። ዝም ስል ደግሞ ምን ሆነሃል፣ አሞሃል እንዴ ይለኛል። ተራው የደረሰው አልበም ረጋ ያለ ነበር፤ በላዩ ላይ ወሬ ማውራት ይቻላል። መለስኩትና አንድ ዘፈን የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ የያዘበትን አወጣሁ፤ መርፌ ማንሳት የለ፣ ማዞር የለ። ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቅኩት። ሙዚቃ ሲጮህ መዋሸት አያስፈልግም። ቀጥዬ በትልቅ ሜዳ ሕዝብ ፊት የተቀዳውን አደረግኩ። ሕዝቡ ባጨበጨበ ቁጥር ጎረቤቴም ያጨበጭባል።

በመስኮት ስመለከት እድርተኞች የድንኳኑን ብረት ከመጋዘን እያወጡ ነበር። ቶሎ ብዬ መጋረጃውን ጋረድኩ። ምነው አለኝ። ፀሐይ ሸክላ ያጣምማል አልኩት። እስከ ዛሬ ሳያጣምም ዛሬ ነው ወይ የሚያጣምመው ብሎ ሳቀብኝ። በደረጃው ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ምድር ቤት ያለችው ባለሱቅ ታውቃለች፣ ጥበቃው ያውቃል፣ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ጥብስ ሠርቼ አቀረብኩለት። ከቆሎ ሌላ ቤቴ ቀምሶ አያውቅምና፣ ልታገባ ነው እንዴ ብሎ ቀለደብኝ። ደህና አድርጎ በላ። ሲጎርስ እያየሁ፣ ነገ ማለዳ ለሚወድቀው ሰው ጉልበት እያበላሁ ነው ብዬ አሰብኩ፤ የእኔንም ድርሻ ወደ እሱ ገፋሁለት።

ሸክላ ልቀይር መርፌውን ባነሳሁበት ቅጽበት ስልኩ ከመኝታ ቤት ጮኸ። ልጄ ነው ብሎ ብድግ አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እጄን ወደ መደርደሪያው ጀርባ ሰድጄ ያንን አልበም አወጣሁት። ጎረምሶች ሳለን ጀምሮ የተጣላንበት ነው፤ እሱ እኔ ነኝ የገዛሁት ይላል፣ እኔም እኔ ነኝ እላለሁ። እንዳይነጥቀኝ ስል በፊቱ አጫውቼው አላውቅም። ሽፋኑን ሲያይ ስልኩን ረሳው።

«ሌባ» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። «ይኼው፣ አንተ ጋ ነበር።»

የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ወለሉ መሃል ቆመ። ድሮ በትምህርት ቤት አዳራሽ ሴቶቹ ፊት እንጨፍር እንደነበረው መጨፈር ጀመረ። ጉልበቱ ስለሚያመው በአንድ እጁ የሶፋውን ጠርዝ ይዟል፤ ቂጡን ወደ ኋላ ሰጥቶ፣ አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ እያስገባ እያወጣ። ድሮም መጥፎ ጨፋሪ ነበር፤ እርጅና ደግሞ አባሰበት። ሳቄ መጣ። አስመስዬ የሳቅኩት አይደለም፤ እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅኩት፤ እሱም ሳቄን ሲያይ ባሰበት።

በስልክህ ቅረጸኝና ለልጄ ላክለት አለኝ። ቀረጽኩት። ላኩለት አልኩት። ትንሽ ቆይቶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ አየው ወይ አለኝ። መንገድ ላይ ይሆናል፣ ኔትወርክ አይኖርም አልኩት።

«ሲያየው በሳቅ ነው የሚሞተው» አለ።

አመሻሽ ላይ፣ ባትሪው ገና አልሞላም ብዬ ስልኩን አስቀርቼበት፣ ዘፈኑን በአፍንጫው እያዜመ ወደ ቤቱ ወጣ። ከእድርተኞቹ ሁለቱ በደረጃው ላይ የሚያወሩ መስለው ቆመውለት አደሩ።

ማለዳ ጋቢያችንን ለብሰን ወጣን። ዳኛው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ወንድ በጋቢ ሲያይ፣ ዳኛው አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባው። በግራና በቀኝ የቆሙት ያዙት። የጮኸውን ጩኸት አልጽፈውም።

ድንኳኑ ሲተከል ደግፈው አወረዱት። እኔ ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሰው እየመጣ ከንፈር ሲመጥ፣ ሲያለቅስ፣ እሱ ማንንም አያይም ነበር። ከዚያ ቀና አለና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ስጨፍር ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ስትስቅም?»

«አዎ።»

ዳኛው አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ አንድ ቃል ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። መሬት መሬት ያያሉ።

«ይህን ሰው አስወጡልኝ» አለ ጎረቤቴ።

ከለቅሶ ቤት ሰው አይባረርም። በርስት የሚካሰሱ፣ ለዓመታት የተኳረፉ እንኳ መጥተው ይቀመጣሉ፣ ንፍሯቸውን ይበላሉ፣ ማንም ለምን መጣችሁ አይላቸውም። ሁለት የእድር ልጆች፣ እነሱም እያፈሩ፣ ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። በሰው ጉልበት መሃል እየተሽሎከለክሁ ወጣሁ፤ ማንም ዓይኔን ሊያይ አልፈለገም። የድንኳኑን ሸራ ገልጬ ስወጣ፣ ዳኛው የጎረቤቴን ጀርባ እየዳበሱ አጠገባቸው ላለው ሽማግሌ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

«ያዘው አልኩት እንጂ» አሉ፣ «አስጨፍረው መች አልኩት።»